የልጃችን አፍና እጅ

ደብሬ፣ የቤቴ ዓይን፣

ካንቺ ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጫጅ ይጠብቃል፤ የገጠሩ ሰው ሁሉ ማጭዱን እየሳለ ነው። እኔም የገበያ ቀን ሥራዬን ጨርሼ፣ መቀሱንና ሜትሩን ሰብስቤ፣ የስፌት ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

ላንቺ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። የተዋወቅነውም በጽሑፍ ነው። ያኔ ደሴ ከሚገኘው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ጨርሰሽ ላሊበላ የተመለስሽ ሰሞን፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ይዘሽ ወደ በረንዳዬ መጣሽ። እኔ ባፌ ለፈለፍኩ። አንቺ ጆሮሽን ነካ አድርገሽ ራስሽን ነቀነቅሽ፤ ከዚያ ጨርቅ የማሰምርበትን ጠመኔ አንስተሽ ጠረጴዛው ላይ «ዚፑ ይቀየርልኝ፤ ለቅዳሜ ይድረስ» ብለሽ ጻፍሽ። እኔም ጠመኔውን ተቀብዬ መለስኩልሽ። ፊደሌን አይተሽ ሳቅሽ፤ አንዱን በጣትሽ አጥፍተሽ አስተካከልሽልኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም የተቀደደ ነገር ሳይኖርሽ በየገበያው መምጣት ጀመርሽ። ጠመኔዬ እያለቀ ሲያስቸግረኝ የእጅሽን ቋንቋ መማር ጀመርኩ።

ዛሬ እዚህ ከተማ ውስጥ ያን ቋንቋ እንደ እኔ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። መብራት ጠፍቶ በከረመበት በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ ከማውራት አልቦዘንንም። ሲመሽ እጅሽን መዳፌ ውስጥ ታስገቢና በጣቶችሽ ታወሪኝ ነበር። ጎረቤቱ በጨለማ ሲጨነቅ እኛ በመዳፍ ሐሜት እንይዝ ነበር።

የተቀበርሽ ለት አልቃሹ ብዙ ነበር። ያ ሁሉ ድምፅ አንቺ በሕይወትሽ ሰምተሽው የማታውቂው ነው። እኔ ግን አፈሩ ሳይመለስ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ በእጄ ተሰናበትኩሽ። አንዳንዱ ሐዘኑ ራሱን አዞረው ብሎ ሊይዘኝ መጣ። ልጃችን ሐመልማል ብቻ የምለው ገብቷት፣ ከአያቷ ጉያ ወጥታ በትንንሽ እጆቿ የእኔን ቃል እየተከተለች ደገመችው። ያኔ ገና ጥርሷ አልተነቀለም። አሁን የፊቱ ወልቆ አዲስ በቅሎላታል።

እናትሽ ከገጠር መጥተው አብረውን ይኖራሉ። ዶሮዎቻቸውንም ይዘው ነው የመጡት። የውሃውን ጀሪካን ካስቀመጥሽበት አንስተው በር ሥር አደረጉት፤ እኔ መልሼ ወሰድኩት፤ እሳቸው እንደገና መለሱት፤ አሁን በር ሥር ነው። የተከልሽው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ግን ይጣፍጣል። በረንዳዬም ሰፍቷል፤ የተማሪ ደንብ ልብስ እሰፋለሁ። ሐመልማል ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የስፌት መኪናው ሲሠራ ንዝረቱን ትሰማለች። አንቺም እንዲሁ ታደርጊ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ልጃችን እንደሌላው ልጅ እንደማትሰማ ቀድመሽ ያወቅሽ አንቺ ነሽ። ሐኪም ሳይነግረን፣ እኔም ሳልጠረጥር። አንድ ቀን ጡት እያጠባሽ ቀና አልሽና «ይቺ ልጅ በዓይኗ ነው የምትሰማ» አልሽኝ። አላመንኩም። ከኋላዋ ብረት ድስት መታሁ። ዞረች። ስሟን ጠራሁ፤ አልዞረችም። ቀጠን ያለውን ድምፅ አትሰማም፤ ወፈር ያለው ከቅርብ ሲመጣ ይደርሳታል። እኔ ስደነግጥ አንቺ አገጬን ይዘሽ ፊቴን ወደ ፊትሽ አዞርሽና «እኔን አይተህ ነው የምትደነግጠው?» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ አልደነገጥኩም።

ስለ እሷ ያወራነው ብዙ ነው፤ የጨረስነው ግን የለም። ደሴ እንደ አንቺ እንድትማር ትመኚ ነበር፤ የሕይወትሽ ደግ ዘመን ያ እንደሆነ፣ እዚያ ገብተሽ በእጅ የሚጠራ ስም እንዳገኘሽ፣ ከዚያ በፊት ዓለም ሁሉ ዝም ብሎ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ይመስልሽ እንደነበር ነግረሽኛል። ደግሞ አንድ የገና ዋዜማ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ከሩቅ እያየሽ፣ «ይቺ ልጅ ከበሮው ምን እንደሚል ብታውቅ ደስ ይለኛል» ብለሽኛል። ሁለቱንም ስትመኚላት አይቻለሁ። የትኛው ያይልብሽ እንደነበር ግን አልነገርሽኝም። በሽታሽም ጊዜ አልሰጠንም።

ሙት ዓመትሽ ከመድረሱ በፊት ደሴ ወስጄ አስመረመርኳት። የጆሮ ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ እያጫወተች ነው የመረመረቻት። የተረፈ መስማት እንዳላት፣ መሣሪያ እንደሚረዳት ነገረችኝ። ከጆሮዋ ጀርባ የሚውል ማዳመጫ ተሰጣት፤ ጆሮዋ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ በልኳ ሠሩላት። ሲከፈትላት መጀመሪያ የሰማችው የእኔን ጫማ ነው። ወለሉ ላይ ረገጥኩ፤ እግሬን አየች። ደግሜ ረገጥኩ፤ ሳቀች። ስንመለስ ጋሸና ላይ አንድ የጭነት መኪና አጠገባችን ጥሩምባ ሲነፋ ማዳመጫውን ነቅላ እጄ ላይ ጣለችው፤ እስከ ላሊበላ ድረስ ኪሴ ውስጥ ነው የመጣው። ከዚያ ቀስ በቀስ ተላመደችው። «አባ» ስትለኝ ድምፅዋ ያንቺ ነው። ያን ብትሰሚው ብዬ ተመኘሁ። ቀጥሎ፣ ብታዪው ይበቃሽ ነበር አልኩ።

ወንድምሽ አያሌው ለሙት ዓመትሽ ከኮምቦልቻ መጣ። ድግሱ ካለቀ በኋላ እኔንና እናትሽን አስቀምጦ አሳቡን ነገረን። ሐመልማልን ሊወስዳት፣ ከልጆቹ ጋር ሊያሳድጋት ይፈልጋል። እዚያ እንዲህ ያለ ማዳመጫ ያላቸውን ልጆች ንግግር ብቻ የሚያስተምር ሰው አግኝቷል። እጅ አይፈቀድም፤ እጅ ያየ ልጅ አፉ ይሰንፋል ተብሏል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ መጥቶ እስኪወስዳት ድረስ እኛም ምልክቱን እንድንተው ለመነን።

አያሌው ክፉ አይደለም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። «እኔ እህቴን ድዳዋ ሲሏት እየተደባደብኩ ነው ያደግሁት» አለኝ። ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። «ልጇ ይኼን አታይም። አፍ ይኑራት፤ ሰው አያላግጥባት።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም እሺም እንቢም ሳልል ቀረሁ። እውነቱ የእሱ ቢሆንስ? እኔ የምይዛት ለእሷ ስል ነው ወይስ ያንቺ እጅ ከቤቴ እንዳይጠፋ ስል? ይኼ ጥያቄ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ አይለቀኝም ነበር። ስንት ቁልፍ በማይሆንበት ቦታ ተከልኩ መሰለሽ።

እናትሽ ግን ወዲያው ጀመሩ። ሐመልማል እጇን ስታነሳ ቀስ ብለው ይይዙና ጭኗ ላይ ያስቀምጡታል። «ባፍሽ፣ የኔ ልጅ፣ ባፍሽ» ይሏታል። አይቆጧትም። እየሳሟት ነው። ልጅቷም ቃሉን ትፈልግ፣ ትፈልግና ስታጣው ትተወዋለች። መጀመሪያ ለእሳቸው ዝም አለች፤ በኋላ ለእኔም ዝም አለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ የሆነውን ሁሉ የምትዘከዝክልኝ ልጅ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ ጠረጴዛው ሥር መቀመጥ አመጣች። ምን ሆንሽ ብዬ በእጄ ስጠይቃት አያቷ እንዳሉ ወይም እንደሌሉ ዞር ብላ ታያለች። ያ መገላመጥ ልቤን ይቆርጠው ነበር።

በዐቢይ ጾም ውስጥ የሰፋሁትን ልብስ ልሸጥ ፍላቂት ገበያ ሄድኩ። መኪና ተበላሽቶ እዚያው አደርኩ። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። አንድ ጎረቤት «ጤና ጣቢያ ናቸው» አለኝ። ሮጥኩ። እናትሽ ሐመልማልን አቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ተኝታለች፤ ጆሮዋ በፋሻ ተሸፍኗል። ለካ ላስቲኩ ቆዳዋን ልጦት ኖሮ ውስጡ መግል ቋጥሯል። ቀናት አስቆጥሯል አሉ ነርሷ። ልጅቷ አልተናገረችም። በእጇ እንዳትል ተከልክላለች፤ ባፏ ደግሞ ቃሉ የላትም።

እናትሽ ነገሩን የነገሩኝ እዚያው አግዳሚው ላይ ነው። ቁርስ አልበላም ብላ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። እሳቸው ሊያባብሏት ቢጠጉ፣ ማዳመጫውን ነቅላ ጣለችና ጡጫዋን ጆሮዋ ዘንድ አድርጋ እንደ ቁልፍ ጠመዘዘችው። እጇን ሊይዙ ነበር። ከዚያ ቆሙ።

«ይኼን እኮ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ደብሬ ታደርገው ነበር። ትንሽ ልጅ ሆና፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ሆዷ ላይ ጡጫዋን ታዞር ነበር። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ያመኛል ማለቷ ነው ለካ።»

ደብሬ፣ ያ ምልክት ደሴ የሚያስተምሩት አይደለም። አንቺ ራስሽ፣ ማንም ሳያስተምርሽ፣ ከከብቶቹና ከገብሱ መካከል ሆነሽ የፈጠርሽው ነው። ለልጅሽ አወረስሻት። እናትሽም ከስንት ዘመን በኋላ ገባቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። ልጅቷ ነቃችና አየቻቸው፤ ከዚያ ጡጫዋን ደረታቸው ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አዞረችው። ያምዎታል ወይ ማለቷ ነው። እሳቸው ያለ ማንም አስተርጓሚ ገባቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ደሴ አብሮሽ የተማረው ካሳ ትዝ ይልሽ ይሆናል፤ ያ ሳቂታው። አሁን መምህር ነው፤ እዚሁ ከተማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተው ክፍል ያስተምራል። እሁድ እሁድ ቤት እየመጣ እናትሽን ያስተምራል። እናትሽ ካሳ እንደማይሰማ እያወቁ ይጮኹበታል። የቁርጥማት ጣታቸው አልታዘዝ እያለ «ውሃ» ሊሉ «ንግሥት» ይላሉ፤ ሐመልማል መሬት ላይ ትንከባለላለች። ሲሳሳቱ ጣታቸውን አንድ በአንድ ይዛ ታስተካክልላቸዋለች። አንድ ቀን ካሳን የትኛው ይሻላታል፣ አፍ ነው እጅ ብዬ ጠየቅሁት። ኮቴን ይዞ ሁለቱን እጅጌዎች አሳየኝና «አንዱን ቆርጠህ ነው የምትሸጠው?» አለኝ። ልብስ ሰፊ ላይ መቀለዱ ነው። ቀጥሎ ግን ኮስተር ብሎ፣ አንዳንዱ ልጅ አድጎ ማዳመጫውን እንደሚተው፣ አንዳንዱ ደግሞ ንግግሩን እንደሚመርጥ፣ የኛ ድርሻ ሁለቱም በር ሳይዘጋ ማቆየት እንደሆነ ነገረኝ። ዛሬ ሐመልማል ጧት ጧት ካሳ ክፍል ነች፤ ከእረፍት በኋላ ደግሞ ከሚሰሙት ልጆች ጋር ትማራለች።

አያሌው እንዳለው ከፋሲካ በኋላ መጣ። ለሐመልማል አዲስ ጫማና ሻንጣ ይዞላት ነበር። የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸውና ተቀመጥን። አያሌው ያለውን ደገመ፤ እኔም የሆነውን ተናገርኩ። ልጄን ሊወስድብኝ የመጣውም የሚወዳት ሰው ነውና በቁጣ እንኳ ልከላከለው አልቻልኩም። እናትሽ ከልጃቸው ወገን እንደሚሆኑ ሁላችንም ጠብቀን ነበር።

እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «አያሌው ልጄ፣ እኔ እህትህን አጥግቤ አሳድጌያታለሁ። አልብሻታለሁ። ምን እንደምታልም ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቤት እየኖርን ሳንተዋወቅ ነው የሄደች። በልጇ አልደግመውም።»

አያሌው አንገቱን ደፋ። የንስሐ አባታችን «ልጅቱስ ምን ትላለች?» አሉ። ማናችንም ያን አላሰብንም ነበር፤ ስለ እሷ ስናወራ እሷ በር ላይ ከዶሮዎቹ ጋር ነበረች። ጠራኋትና ከፊታችን አቆምኳት። አጎትሽ ሊወስድሽ ይፈልጋል፤ እዚያ ባፍሽ ብቻ ትናገሪያለሽ፤ ትሄጃለሽ ወይ ብዬ በእጄም ባፌም ጠየቅኋት።

ጫማውን አየችው። አማራት፣ ያስታውቃል። ከዚያ አያሌውን ቀና ብላ አየችና በእጇ ጠየቀችው፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«ማዳመጫው ሲተኛ ከማን ጋር አወራለሁ?»

ማታ ስታወልቀው ወደ ሳጥኑ የምንከተው፣ ተኛ እያልን ነው። ገላዋን ስትታጠብ ይተኛል። ባትሪው ሲያልቅ ይተኛል። ጆሮዋ ሲያማት ይተኛል። የንስሐ አባታችን መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ አያሌው ወደ እኔ ዞሮ «አጎት እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ። አሳየሁት። ተሳሳተ። ሐመልማል ሄዳ ጣቱን አስተካከለችለት።

ብቻውን ተመለሰ። ጫማውን ትቶላት ሄዷል። አሁን በሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ባትሪ ይልክልናል፤ ሲደውልም በምስል ነው። ምልክቱ እንደ ትልቅ ሰው እስክስታ ግትር ነው፤ ግን እየገባን ነው።

ሁሉ ነገር ሰመረ ብዬ አልዋሽሽም። የሚሰሙት ልጆች ክፍል ውስጥ ተማሪው ብዙ ነው፤ መምህርቷ ደግ ናት፣ ግን ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ማስተማር አልለቅ ብሏታል። ሐመልማል አንዳንድ ቀን ራሷን አሟት ትመጣለች፤ ማዳመጥ እንደ ሸክም ያደክማታል። ያን ቀን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠውና እስኪነጋ በእጅ ብቻ እናወራለን። ገበያ ውስጥም ስታወራኝ ቆመው የሚያዩን አሉ። እኔ ለምጃለሁ፤ እሷ ግን አንዳንዴ እጇን ነጠላዬ ውስጥ ደብቃ ታወራኛለች። ነገ ምን ትመርጥ ይሆን? አላውቅም። ካሳም አያውቅም። ስታድግ ትነግረናለች፤ አፍም እጅም ስላላት የምትነግርበት አታጣም።

ባለፈው የማርያም ለት አሸተን ገዳም ወጣን። እናትሽ በበቅሎ እስከ ግማሹ ድረስ መጥተው ጉልበቴ አልቻለም ብለው ጥላ ሥር ቀሩ። እኔና ሐመልማል ወደ ላይ ቀጠልን። እዚያ ገደሉ አናት ላይ ነፋሱ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ማዳመጫው ውስጥ እየገባ ሲያጓራባት ነቀለችውና ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ እንኳ የአጠገቤን ሰው አልሰማም ነበር፤ ተሳላሚው ሁሉ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል፣ ቃሉን ነፋስ ይወስደዋል። ሐመልማል ከቋጥኙ አጠገብ ቆማ ወደ ታች አየች። አያቷ እንደ ፍሬ አንሰው፣ ነጭ ሆነው ይታያሉ። እጇን ከፍ አድርጋ «ውሃ ጠጡ፣ እንዳይደክምዎት» አለቻቸው። ከታች ሁለት ክንድ ተነሣ። «ጠጥቻለሁ። ገደል አጠገብ አትቁሚ» አሉ እናትሽ። ምንም አልተሳሳቱም፣ ደብሬ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የተደማመጡት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና አንቺን አሰብኩ። ይኼን ሁሉ የጻፍኩልሽ ስለ እሷ እንዳትሰጊ ነው። በመቃብርሽ ላይ የቆመው ድንጋይ ስምሽን በፊደል ብቻ ነው የያዘው። በእጅ እንዴት እንደምትጠሪ የምናውቅ ግን አለን፤ በየቀኑም እንጠራሻለን። ጣቴ መርፌ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ ከልጅሽ ጋር ባንቺ ቋንቋ አወራለሁ። ሲያቅተኝ ደግሞ እሷ ታወራኛለች፤ እኔ አያታለሁ። በዚያም ውስጥ አንቺን አያለሁ።

ያንቺው
ሞላ